ቀለም ሲደርቅ፣ ሲላጥና ሲሰነጠቅ፦ በድሬዳዋና በሐረር ለሚሠሩ ሠዓሊዎች ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በሞቃቱ ወራት የቀን ሙቀቷ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ከተማ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከእርሷ ይልቅ ቀዝቀዝ ትላለች። በቀለም ቱቦ ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ጊዜ መጠነኛ ሙቀት ባለው ክፍል የተለካ በመሆኑ ከዚራና ሳቢያን ለመሳሰሉት የድሬዳዋ ሰፈሮች ቀትር አይሠራም። ሥዕል ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው የቀለሙ ጥራት ነው፤ በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ጥፋት የሚገኘው በአየሩና ከቀለሙ በታች ባለው ገጽ ላይ ነው።

አክሪሊክ ሳይዋሐድ ሲደርቅ

ሰማይን ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ቀስ በቀስ ለማሸጋገር ሲሞከር የመጀመሪያው ቅብ ብሩሹን ይይዛል፤ ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበትም ቦታ ሻካራ መስመር ይቀራል። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም የሚደርቀው ውሃው በመትነኑ ስለሆነ በሞቃትና በደረቅ አየር ቀጭን ቅብ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ለሠዓሊው ምቾት ተብሎ የተከፈተው ቬንቲሌተር ወደ ሸራው ሲዞር ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ቬንቲሌተሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር፣ ሸራውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅና መዋሐድ ያለበትን ክፍል በማለዳ መሥራት ይገባል። በፓሌቱ (በቀለም መደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ያለውን ቀለም ለማቆየት ጎድጎድ ባለ ትሪ ላይ በውሃ የራሰ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጨርቅ አንጥፎ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጎ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ከታች የሚመጣው እርጥበት ለሰዓታት ያቆየዋል።

ብዙዎች የሚመርጡት ቀላል መንገድ፣ ማለትም ውሃ አብዝቶ መጨመር፣ ሌላ ችግር ይወልዳል፤ የቀለሙን ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚያያይዘው ሙጫ ስለሚሳሳ ሥዕሉ ደርቆ በጣት ሲታሽ ቀለሙ ይለቃል። የመድረቂያ ማዘግያ ፈሳሽ ያገኘ ሰውም በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው መጠን ማለፍ የለበትም፤ ከበዛ ቅቡ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል።

የተደራረቡ ሥዕሎች ሲጣበቁ

የደረቀ አክሪሊክ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊት ለፊት ተደግፈው የተቀመጡ ሥዕሎች ሊጣበቁ ይችላሉ። በዚያው ሙቀት ሳሉ መጎተት ቀለሙን ይነቅላል፤ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ እስኪጠነክሩ ከቆዩ በኋላ ከጠርዝ ጀምሮ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይሻላል።

ቀለሙ ከሸራው ሲላጥ

እዚህ ላይ ምክንያቱን ሳይለዩ ማደስ ከንቱ ድካም ነው። ስኮች በተላጠው ጠርዝ አጠገብ ለጥፎ መሳብና ምን እንደተነሳ ማየት ያስፈልጋል። ነጩ የመሠረት ቅብ ከነቀለሙ ተነስቶ ባዶ ጨርቅ ከታየ ጥፋቱ የመሠረቱ ነው፤ ነጩ ቀርቶ ቀለሙ ብቻ ከተነሳ ገጹ አቧራ ወይም ቅባት ነበረበት፣ አለዚያም በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ ተቀብቷል ማለት ነው። በአክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይያዝም።

የመሠረት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሸራ ምትክ ከሚወጠረው አቡጀዴ ነው። ጨርቁ ከፋብሪካ ሲወጣ አሚዶ ሊኖረው ስለሚችል በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ወጥሮ የሠዓሊ አክሪሊክ ጄሶን (ነጩን የመሠረት ቅብ) በሁለት ወይም በሦስት ቀጫጭን ቅቦች መቀባትና እያንዳንዱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማለስለስ ይገባል። ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገዛው የግድግዳ ጀሶ ለዚህ አይሆንም፤ ጨርቁ በተነቃነቀ ቁጥር ይሰነጠቃል።

የዘይት ቀለም አልደርቅ ሲል ወይም ሲሰነጠቅ

የዘይት ቀለም የሚጠነክረው ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው እንጂ በመትነን አይደለም። ለወራት የሚያጣብቅ ሥዕል ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ቀጠነ የሚለው ነው፤ የፓልም ዘይትን የመሰለ የምግብ ዘይት ስለማይደርቅ የተቀባውን ፍቆ ከማንሳት ሌላ መላ የለውም። መሰንጠቅ ደግሞ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ቅብ ገና ባልደረቀ ዘይታም ቅብ ላይ ሲያርፍ ይከሰታል። የታችኛው ቅብ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ፣ የላይኛው የተልባ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ማንጋኒዝ ያለበት የተጠበሰ አምበር (በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ ቀለም) ፈጥኖ ስለሚደርቅ ለታችኛው ቅብ ይመቻል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ሲጣል ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ በውሃ መንከር የግድ ነው።

በሐረር የኖራ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ሲረግፍ

በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው ጥንታዊ የሐረር ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ግድግዳዎች በየጊዜው ኖራ የሚቀቡ ድንጋዮች ናቸው። በመዳፍ ሲታሹ ነጭ ዱቄት በሚተዉ ገጾች ላይ አክሪሊክ የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው፤ ሲረግፍም ኖራውን ይዞ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለውንም እርጥበት ያፍናል። የሚሻለው የላላውን ኖራ በደረቅ ብሩሽ ማውረድ፣ ግድግዳውን በውሃ ማርጠብና የዱቄት ቀለም በኖራ ውሃ በጥብጦ መቀባት ነው፤ ኖራው የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ሲጠነክር ቀለሙን አብሮ ይይዛል። ቀለሙ ከኖራው መጠን ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፕሩሺያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ በኖራ ይበላሻል፤ አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊና የአፈር ቀለሞች ግን ይቋቋሙታል። የሐረሪ ቤት ወለልና መደብ በቀይ አፈር መቀባቱ የዚህን ዓይነት ቀለም ጽናት ያሳያል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሥዕሉ ላይ ነጭ ጨው ብቅ ካለ በውሃ አይታጠብም፤ ውሃው ጨውን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋልና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፣ እርጥበቱ የሚገባበትም ቦታ ይፈለግ።