«ጨረቃ ላይ ማንም አልወጣም» ከሚል ሰው ጋር እንዴት እንከራከር?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ወሬ ውስጥ «አሜሪካኖቹ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የቀረፁት» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚከበር ጋሼ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በአክብሮት ይሁን።

1. አንድ ጥያቄ ያስመርጧቸው። «ጋሼ፣ ከሁሉም ያላሳመነዎት የቱ ነው?» ይበሉ። አለበለዚያ ስለ ባንዲራው ሲመልሱ ወደ ጥላው፣ ስለ ጥላው ሲመልሱ ወደ ጨረሩ ይዘላሉ። «ፈጣሪ አይፈቅድም» ካሉ ግን ያ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ቡናዎን ይጠጡ።

2. «ነፋስ በሌለበት ባንዲራው እንዴት ተዘረጋ?» ካሉ ቀላል ነው። ከላይ በኩል አግዳሚ ዘንግ ገብቶለታል፣ ተዘርግቶ የቆመው ለዚያ ነው።

3. «ፎቶው ላይ ኮከብ የታለ?» ካሉ በአፍ አይመልሱ። ስለ ካሜራ ማብራራት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። ይልቅ ያሳዩ። ደሴ ክረምቱን በጭጋግ ስለምትከርም ከጥቅምት ወዲህ ያለ ጥርት ያለ ማታ ይምረጡ። አንድ ሰው ደጅ ደማቅ አምፖል ስር ይቁም። ከጀርባው ሰማይ እንዲገባ አድርገው፣ ፊቱ በደንብ እስኪታይ ያንሱት።

ናይት ሞዱን ማጥፋት አይርሱ! ካልጠፋ ስልኩ ለብዙ ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅምና ኮከብ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ በገዛ ስልክዎ ተረቱ ማለት ነው። ከጠፋ ፎቶው ላይ ሰውየው ደምቆ፣ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከአምፖሉ ራቅ ብለው ቀና ሲሉ ግን ኮከቡ ሞልቷል። ጠፈርተኞቹም ጨረቃ ላይ ያረፉት ቀን ሆኖ፣ ፀሐይ ወጥታ ነው። ፀሐይ የመታውን መሬትና ነጭ ልብስ ለማንሳት ካሜራው የሚከፈተው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ኮከብ አይያዝም።

4. «በመንገድ ላይ ያለው ጨረር አይገድላቸውም ነበር?» ካሉ ብዙ አይቆዩበት። ጠፈርተኞቹ ምድርን የከበበውን የጨረር ቀበቶ በሰዓታት ውስጥ፣ ያውም ከባዱን ቦታ ሸሽተው ነው ያለፉት።

5. አሁን ማስረጃ ያምጡ። ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ መስታወቶቹ ነው። ጨረቃ ላይ ሰው ካሳረፉት የአሜሪካ ጉዞዎች አፖሎ 11፣ 14 እና 15 ትተዋቸው የመጡ፣ ብርሃን የሚመልሱ መስታወቶች አሉ፤ ከመሬት የተላከ ሌዘር በ2.5 ሰከንድ ገደማ ደርሶ ይመለሳል። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልተማመንም። ሶቪየቶችም በሮቦት መስታወት ስላስቀመጡ፣ ነቃ ያለ ተከራካሪ «ሮቦት አስቀምጦት ቢሆንስ?» ይላል። የናሳን ፎቶ ካሳዩም «እሱማ የራሳቸው ነው» ይባላሉ። የአፖሎ 11ን ማረፊያ የሕንድ መንኮራኩር ቻንድራያን 2ም አንስታዋለች፤ እሷን ያሳዩ።

ለእኔ ዋናው ሶቪየት ናት። ደርግን ያየ ሰው የሁለቱን ጠብ ያውቃል። አፖሎ 11 ሐምሌ 13 ቀን 1961 ሲያርፍ የሶቪየት ሉና 15 እዚያው ጨረቃን እየዞረች ነበር። በማግስቱ፣ አሜሪካኖቹ ገና ሳይነሱ፣ ተከሰከሰች። ውሸት ቢሆን ኖሮ ለማጋለጥ ከእነሱ የቀረበም፣ የፈለገም አልነበረም። እነሱ ግን ዝም ብለው ሽንፈታቸውን ዋጡ። ይህን ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ይበሉ፤ ጋሼ ያስቡበት።

6. «ታዲያ ከ1972 በኋላ ለምን ማንም አላረፈም?» ማለታቸው አይቀርም። ዓመቱ በፈረንጅ ነው። መልሱ ገንዘብ ነው፦ አፖሎ 18፣ 19 እና 20 ታቅደው ነበር፣ በጀት ሲቆረጥ ተሰረዙ። ሳይተኮሱ የቀሩ የሮኬት ክፍሎች ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ለጎብኚ ተጋድመዋል።