መጥረቢያውን ማን አስያዘው? የአካባቢ ፖሊሲ ሲወጣ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደን ሲመነጠር ወይ ሐይቅ ሲደርቅ ጣት የሚቀሰረው ቦታው ላይ በተገኘው ሰው ላይ ነው። ሕጉም በእሱ ላይ ይወጣል። ከጀርባ የሚገፋው ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀራል።

ቅርብ ያለውን ብቻ ማየት። በመካከለኛው እስያ ያለው የአራል ባሕር የደረቀው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ገባር ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ ስለተጠለፉ ነው። ዓሣ አጥማጁ ላይ የፈለገው ገደብ ቢጣል ውሃው አይመለስም።

ሁሉን በሕዝብ ብዛት ማሳበብ። በኬንያዋ ማቻኮስ ከ1930ዎቹ እስከ 1990 ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨመረ። ገበሬው ግን እርከን ሠራ፣ ዛፍ ተከለ፤ የአፈር መሸርሸሩም ቀነሰ። የናይሮቢ ገበያ ቅርብ ነበር፤ ልፋቱ ያዋጣዋል። ስለዚህ ስንት ሰው አለ ከማለት በፊት፣ ሰው መሬቱን ቢንከባከብ ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ነዋሪውን ሳይጠይቁ መፍረድ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በጊኒ፣ ኪሲዱጉ አካባቢ፣ ሜዳው ሣር ነው። መንደሮቹ ግን በደን ተከበዋል። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ይህን አይተው «አገሩ ሁሉ ደን ነበር፣ ገበሬው በእሳት ጨረሰው፣ ይሄ የተረፈው ነው» አሉ። ከነፃነት በኋላም አስተሳሰቡ ቀጠለ። ገበሬው እሳት ለኮስክ እየተባለ ተቀጣ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች የቆዩ የአየር ላይ ፎቶዎችን ከአዲሶቹ ጋር አስተያዩ፣ ሽማግሌዎችንም ጠየቁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። በብዙ ቦታ ደኑ ሰፍቷል፤ ያበቀሉትም ነዋሪዎቹ ናቸው። ከብቶቻቸው በመንደሩ ዙሪያ ሣሩን ስለሚግጡት እሳት አይደርስም፣ ችግኝም ያድጋል። ደን ያበቀለ ሰው በደን አጥፊነት ተቀጣ ማለት ነው።

የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ፍጆታ ይቀንሳል ብሎ መተማመን። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ጄቮንስ በ1865 እንዳሳየው፣ የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ በሆነ ቁጥር የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ፍጆታ ጨመረ። ሥራው ሲረክስ ፈላጊው በዛ። ቁጠባ ብቻውን፣ የፍጆታ ጣሪያ ወይም ቀረጥ ካልታከለበት፣ አይበቃም።

ችግሩ የት እንደሄደ አለመከታተል። በብራዚል ነጋዴዎች በ2006 አዲስ ከተመነጠረ የአማዞን መሬት አኩሪ አተር ላለመግዛት ተስማሙ። ጥሩ ሠርቷል። ጎረቤቱ ሴራዶ፣ ሣርና ዛፍ የተቀላቀለበት ሰፊ ምድር፣ ግን በስምምነቱ አልተካተተም፤ እዚያ እርሻው መስፋፋቱን ቀጠለ። ፖሊሲው ሲረቀቅ ጎረቤቱም ካርታው ላይ መኖር ነበረበት።