የሐበሻ ዶሮን ለሥጋ ማርባት

የሐበሻ ዶሮን ለሥጋ ለማርባት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያሰላ የሚገባው ዕድሜን ነው፤ የፈረንጅ የሥጋ ዶሮ በ6 ወይም በ7 ሳምንት 2 ኪሎ ሲደርስ፣ የሐበሻው አውራ 1 ኪሎ ተኩል ለመሙላት 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታልና። ተዘግቶ በአማካይ በቀን 60 ግራም መኖ ቢበላ በ6 ወር ወደ 11 ኪሎ ይጨርሳል፤ ይህን ሁሉ በድብልቅ መኖ የሚሸፍን አርቢ አውራውን በበዓል ዋዜማ በውድ ቢሸጥም ትርፍ አያገኝም። ስለዚህ ዶሮው ቀን ቀን ጓሮ እየጫረ ይዋል፤ ማታ ወደ ቆጡ ሲመለስ የተከካ በቆሎ፣ ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የኑግ ተረፈ ምርት፣ ይጨመርለት። ብዙዎቻችን በቆሎ ብቻ በትነን እንረካለን፤ ሥጋ የሚያበጀው ፕሮቲን ያለው ግን በፋጉሎው ውስጥ ነው።

ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በጫጩትነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተፈለፈሉልኝ 10 ጫጩቶች ሁለት ወር የሞላቸው 4 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ተካፈሏቸው። ጫጩቶቹን እስከ 8 ሳምንት ከእናታቸው ጋር በሽቦ ወንፊት ከልሎ ማቆየት ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ግን በሽቦ አይመለስም፤ ክንፉን ጥሎ፣ አረንጓዴ እየቀዘነ የሚቆዝም አንድ ዶሮ ከታየ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ክትባቱ ርካሽ ነው፤ ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተመጠነ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። 12 ዶሮ ያለው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋጥቶ በአንድ ጠዋት ቢያስከትብ ይሻለዋል። ክትባቱ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ስለሚያበላሸው የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውኃ መጠቀም፣ ዶሮዎቹንም አስቀድሞ ጥቂት ማስጠማት ያስፈልጋል።

ለፋሲካ ገበያ የታሰበ ጫጩት በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢፈለፈል፣ እንቁላሉም 21 ቀን ቀድሞ ቢታቀፍ ጊዜው ይገጥማል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ደርሶ ሳይሸጥ የቀረ አውራ 55 ቀን ሙሉ ገዢ የለውም፤ መኖ ግን ይበላል። ለእንቁጣጣሽ የሚደርሰው ደግሞ ፈንግል በሚበረታበት በክረምት መግቢያ ስለሚያልፍ ክትባቱ ከዝናቡ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ገዢው ከክብደቱ ቀድሞ ላባውን ያያል፤ ቀይ፣ ገብስማና ወሰራ ቶሎ ሲሸጡ ጥቁሩ እስከ ማታ ይቆማልና ለዘር የሚቀመጠው አውራ በመልኩም ጭምር ይመረጥ።