ስለ ኦጋኔሶን ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በብዛት የሚታየው ስህተት 118ኛውን ንጥረ ነገር ኦጋኔሶንን «ጋዝ» ብሎ ማለፍ ነው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከራዶን ሥር፣ በ18ኛው ምድብ ስለተቀመጠ የነሂሊየምንና የነኒዮንን ጠባይ እንዳለ ያሸክሙታል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። 118 ፕሮቶኖች አንድ ላይ ሲስቧቸው የውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል፤ ያኔ የአንጻራዊነት ሕግ ጣልቃ ይገባና የአቶሙን አሠራር ይለውጠዋል። የውጨኞቹም ኤሌክትሮኖች በየዛጎላቸው (በአቶሙ እምብርት ዙሪያ ባሉት እርከኖቻቸው) ተለይተው ከመታየት ይልቅ እንደ ደመና የተበተኑ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ አቶሞች እርስ በርስ የሚሳቡት ከራዶን በበለጠ ስለሆነ፣ ኦጋኔሶን በተራ የክፍል ሙቀት ጠጣር እንደሚሆን ይገመታል። ተጨማሪ ኤሌክትሮን መቀበል እንደሚችልም ተሰልቷል፤ ይህ ከምድቡ አባላት የማይጠበቅ ነገር ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ግን ግምትን እንደ ልኬት መጻፍ ነው። «በ52 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል» የሚል ካያችሁ፣ የመጣው ከኮምፒውተር ስሌት ነው። ቀለሙን ያየ፣ ክብደቱን በሚዛን የለካ ማንም የለም። በሩሲያ፣ ዱብና፣ ካልሲየም 48ን በካሊፎርኒየም 249 ላይ በመተኮስ የተገኙት አቶሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የታወቁትም በትተውት ባለፉት ዱካ ነው። አቶሙ መመርመሪያው ላይ ያርፍና የአልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ተፍቶ 116ኛውን ንጥረ ነገር ሊቨርሞሪየምን ይሆናል፤ ከዚያው ነጥብ ሌላ አልፋ ይወጣና 114ኛው ፍሌሮቪየም ይተካል። የቅንጣቶቹ ጉልበትና የመውጫቸው ጊዜ ነው የሚመዘገበው።

ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው 294 እንደ ኦክስጅኑ 16 ገደማ ያለ አማካይ የአቶም ክብደት አይደለም። በእርግጠኝነት የታወቀው አንድ አይሶቶፕ (በኒውትሮኖቹ ቁጥር የሚለይ የንጥረ ነገሩ ዓይነት) የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው፦ 118 ሲደመር 176።

ግማሽ ዕድሜው (ከአቶሞቹ ግማሾቹ የሚፈርሱበት ጊዜ) 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው ሲባልም እያንዳንዱ አቶም ልክ በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ አንዱ ሊቀድም፣ ሌላው ሊዘገይ ይችላል።

«በ2016 ተገኘ» የሚለውም ይታረም። እ.ኤ.አ. 2016 በፊዚክስ ሊቁ በዩሪ ኦጋኔሲያን ስም የተሰየመበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው አቶም የታየው በ2002፣ ግኝቱ ይፋ የሆነው በ2006፣ ዕውቅና ያገኘው ደግሞ በ2015 መጨረሻ ነው። 1999ን የሚጠቅስ አሮጌ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ፣ ያ በአሜሪካ ያለው የበርክሌይ ላቦራቶሪ ንጥረ ነገሩን አገኘሁ ብሎ ያወጣው መግለጫ ነው፤ ላቦራቶሪው ራሱ በኋላ ሰርዞታል።