አበባ ቀርቦ ሲነሳ ለምን ይበላሻል? የማክሮ ፎቶ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ማክሮ፣ ማለትም በጣም ተጠግቶ የሚነሳ የአበባ ፎቶ አልሳካ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካሜራ መቀየርን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሌንሱ፣ የብርሃኑ ወይም የንፋሱ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ አጉልታችሁ ደህና አድርጋችሁ እዩት።

ስጠጋ ፎከስ አልይዝ ይላል

ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፎቶው ግን አይነሳም። እያንዳንዱ ሌንስ ከዚያ በላይ ከቀረባችሁ ፎከስ የማይዝበት ርቀት አለው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይፈልጋል። 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ/1.8 ደግሞ እንደ ሞዴሉ ከ35 እስከ 45 ሴንቲሜትር። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ምስሉን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ከሴንሰሩ ነው። ብዙ ካሜራዎች አናታቸው ላይ መስመር ያቋረጠው ትንሽ ክብ ምልክት አላቸው፤ ሴንሰሩ ያለው እዚያ ጋ ነው።

ፎከሱን ወደ ማንዋል አዙሩት። ቀለበቱን እስከ ቅርቡ ርቀት አድርሱትና እዚያው ተዉት። ከዚያ ካሜራውን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሉ። ማክሮ ላይ ይሄ ከአውቶፎከስ የበለጠ ያስተማምናል።

ፎከስ ይይዛል፣ አበባው ግን ያንሳል

ዕቃ የመግዛት ጥያቄ በትክክል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ አንድ ማስመሪያ አስቀምጡና መቅረብ እስከምትችሉበት ድረስ ቀርባችሁ አንሱት። በፎቶው ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ስንት ሴንቲሜትር ገባ? 18-55 በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ (አነስ ያለ ሴንሰር ባለው) ላይ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ያስገባል። አንድ አደይ አበባ ሙሉውን ለማንሳት ይሄ ይበቃል፤ ምንም መግዛት አያስፈልግም። የአበባውን መሃል፣ ብናኙን ለማሳየት ከፈለጋችሁ ግን አይበቃም።

ትክክለኛ ማክሮ ሌንስ 1:1 ያደርሳል፤ አበባው ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ያርፋል። ማለትም በዚያው ካሜራ ላይ የማስመሪያው 2.4 ሴንቲሜትር ገደማ ፎቶውን ይሞላል። አንዳንድ ዙም ሌንሶች ላይ «ማክሮ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ ግን 1:2 ወይም 1:4 ላይ ይቆማሉ። ሲገዙ 1:1 የሚለውን ቁጥር መጠየቅ ነው። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች በ1:1ም ነጥብ ሆና ነው የምትታየው። አበባና ቅጠል ለሚያነሳ ሰው ግን 1:1 ከበቂ በላይ ነው።

የማክሮ ሌንስ አቅም ከሌለስ? እጃችሁ ላይ ባለው ሌንስ ይወሰናል። 50 ሚሊሜትር ካላችሁ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ግዙ። ውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ነው፤ ሌንሱን ከካሜራው ያርቀዋል። 25 ሚሊሜትር ቲዩብ በ50 ሌንስ ላይ ሌንሱ በራሱ ከሚያጎላው በተጨማሪ 1:2 ያህል ይጨምራል፤ 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ፎቶውን ይሞላል። የቡና አበባ በዚህ ጥሩ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያሉትን ምረጡ፤ የሌላቸው ርካሾቹ በአብዛኞቹ አዳዲስ ሌንሶች ላይ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) መቀየር ይከለክሏችኋል። ቲዩብን ከ18-55 ጋር በ18 ላይ አትሞክሩት፤ አበባው ከሌንሱ ጋር ካልተላተመ ፎከስ አይገባም።

ያላችሁ 55-250 ዓይነት ረጅም ዙም ከሆነ ደግሞ ከፊቱ የሚጠመዘዝ ክሎዝአፕ ሌንስ ይሻላል። አንድ መስታወት ያለው ርካሹ ጠርዝ ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ያወጣል። ሁለት መስታወት የተጣበቀበትን፣ አክሮማት የሚባለውን ፈልጉ።

አንዱ የአበባ ቅጠል ጥርት ይላል፣ ቀሪው ብዥ

ይሄ ብልሽት ሳይሆን የማክሮ ባህሪ ነው። በ1:1 ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ) ላይ አፐርቸሩን ኤፍ/8 ብታደርጉ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ጥርት የሚለው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኤፍ/2.8 ላይ ሲሶውን ታገኛላችሁ። ስለዚህ ማክሮ ሌንስ ስትመርጡ ለሰፊ አፐርቸር ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ፤ አትጠቀሙበትም። ኤፍ/22 ላይ መዝጋትም መፍትሄ አይደለም፤ ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ከኤፍ/8 እስከ ኤፍ/11 ቆዩና የካሜራውን ጀርባ ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ አድርጉት። ያም ካልበቃ ፎከሱን እያንቀሳቀሱ ብዙ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማዋሃድ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ትራይፖድ አይሆንም።

ሁሉም ነገር ብዥ ብሏል

ፎቶውን አጉሉትና አፈሩን፣ ግንዱን፣ አበባውን ለየብቻ እዩ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል። አፈሩ ጥርት ብሎ አበባው ብቻ ከተሳበ ንፋስ ነው። ከአበባው ፊት ወይም ኋላ ያለ ነገር ጥርት ካለ ደግሞ ፎከሱ ስቷል።

ለእጅ መንቀጥቀጥ ትራይፖድና የ2 ሰከንድ ታይመር ይበቃል። እግሮቹ ተዘርግተው እስከ መሬት የሚወርዱ ይሁኑ። ብዙ የዱር አበባ ከጉልበት በታች ነው፤ መሃሉ ላይ ረጅም ዘንግ ያለው ትራይፖድ እዚያ አይደርስም።

ለንፋስ ግን ትራይፖድ ምንም አይረዳም። እንጦጦ ላይ ከሰዓት በኋላ ከምትታገሉ ማልዳችሁ ውጡ። ቀጭን እንጨት ከግንዱ አጠገብ ተክሉና በልብስ መቆንጠጫ ለስላሳ አድርጋችሁ ያዙት። ፍላሽ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ እንቅስቃሴውን ያስቆመዋል።

ጨለመ፣ ወይም የሌንሱ ጥላ አረፈበት

በ1:1 ላይ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን በሁለት ስቶፕ ይቀንሳል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ስለሚቀንስ ሩቡ ብቻ ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ ሌንሱ ራሱ አበባው ላይ ይቆማል። 60 ሚሊሜትር ማክሮ ከአበባው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ሲርቅ፣ 100 ሚሊሜትሩ 15 ገደማ ይርቃል። ለተክል ከ90 እስከ 105 ያለውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ካሜራው ላይ ብቅ የሚለውን ፍላሽ እርሱት፤ የሌንሱን ጥላ አበባው ላይ ይጥላል። ነጭ ወረቀት ከጎን መያዝ በብዙ ይበልጠዋል።

ቢጫው አበባ ፕላስቲክ መሰለ

በቀትር ፀሐይ አደይን ስታነሱ የቅጠሉ ስስ መስመሮች ይጠፉና ወጥ ቢጫ ብቻ ይቀራል። ካሜራው ቢጫን ከቀይና ከአረንጓዴ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ቀዩ ከሴንሰሩ አቅም በላይ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። የቀለም ሂስቶግራሙን (የእያንዳንዱን ቀለም ብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ከፍታችሁ ቀዩን እዩ። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከሲሶ እስከ ሁለት ሲሶ ስቶፕ ቀንሱ፣ ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ፀሐዩን ጋርዱ።

በስልክ ስጠጋ ያስጠላል

ብዙ ስልኮች ላይ ለብቻው ያለው 2 ሜጋፒክስል ማክሮ ካሜራ ደካማ ነው። በዋናው ካሜራ ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና ቁረጡት።

ያገለገለ ማክሮ ሌንስ ስትገዙ

በስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ ውስጡን እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ የካሜራችሁን ሙሉ ስምና የሌንሱን መግጠሚያ ጽፋችሁ ላኩለት። ለምሳሌ ኒኮን ዲ3500 ወይም ዲ5600 የያዘ ሰው የቆየውን፣ የራሱ ሞተር የሌለውን ኤኤፍ-ዲ ማክሮ ሌንስ ቢገጥም አውቶፎከስ አይሠራለትም፤ ሞተሩ ካሜራው ውስጥም የለም። ፎከሱን በእጁ ለሚይዝ ግን ሌንሱ ደህና አድርጎ ያገለግላል፤ ዋጋውም ከአዲሱ ያንሳል።