በአንድ ጉሮሮ ሙሉ ኳየር፦ የ«ክሪስማስ ኢቭ»ን የመሀል ክፍል ቤት ውስጥ መቅዳት

የጃፓናዊው ዘፋኝ የታትሱሮ ያማሺታ «ክሪስማስ ኢቭ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ በ1989 የባቡር ማስታወቂያ ማጀቢያ ሆኖ በጃፓን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የዘፈኑ እንቁ መሀሉ ላይ ነው፤ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የፓኸልበል «ካኖን» በሰው ድምፅ ይመጣል፣ ሁሉንም ድምፅ እየደራረበ የዘፈነውም ያማሺታ ራሱ ነው። ዘዴው በስልክም ይሠራል።

መጀመሪያ ቤዙን ቅዱ፤ ሌላው ሁሉ የሚደገፈው በእሱ ላይ ነው።

ቤዝ፦ ዶ ሶል ላ ሚ ፋ ዶ ፋ ሶል
መሀል፦ ሚ ሬ ዶ ሲ ላ ሶል ላ ሲ
ላይ፦ ዶ ሲ ላ ሶል ፋ ሚ ፋ ሬ

የላይኛው ከቤዙ ዶ ሁለት ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ወንድ ከሆናችሁ በፋልሴቶ (በቀጭኑ የጭንቅላት ድምፅ) ያዙት። ካልደረሳችሁ ጉሮሯችሁን አታስጨንቁ፣ ሁሉንም በአንድ ቶን ዝቅ አድርጉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 70 ላይ አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ምት ስጡ። ቤዙ ስምንቱን ሲጨርስ መሀሉ ይግባ፣ ከሌላ ስምንት በኋላ የላይኛው። ቤዙን 2 ጊዜ፣ ሌሎቹን አራት አራት ጊዜ ስትቀዱ 10 ትራክ (ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ) ይሆናል። አንዱን ትራክ ኮፒ አድርጎ ማባዛት አይሠራም፤ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይሰፋም። ስፋቱን የሚሰጠው በእያንዳንዱ ቅጂ መካከል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ነው።

ለእኛ ጆሮ ከሁሉ የሚከብዱት ሲ እና ፋ ናቸው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብሎ በሚሄደው የትዝታ ቅኝት ሁለቱም የሉም፤ በትዝታ ያደገ ድምፅ ሲን ወደ ላ ሊጎትታት ይችላል። በአንድ ትራክ ላይ ትንሽ የወረደች ሲ አትሰማም፣ አራቱም ላይ ከወረደች ግን ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ኖታዎች) ታቆሽሻለች። ስለዚህ «ዶ ሲ ዶ»ን በኪቦርድ እየመታችሁ አሥር ጊዜ ያህል ዝፈኑ፣ ከዚያ ቅዱ።

ቃል አታስገቡ፤ «ኡ» ብቻ፣ ሁሌም በአንድ ዓይነት የአፍ ቅርፅ። ድምፅ አታርገብግቡ፤ አራት እርግብግብታ ሲደራረብ ውሃ ይሆናል። ትንፋሽ ስትወስዱ በየትራኩ ቦታውን ቀይሩ፣ አለዚያ ኳየሩ በሙሉ አንድ ላይ ይቆረጣል።

ሄድፎኑ ባለ ገመድ ይሁን፤ ብሉቱዝ ይዘገያል፣ ትራኮቹም አይገጥሙም። ሁለቱንም ጆሮ ሸፍኑ፣ ካልሆነ የሜትሮኖሙ ቂው ቂው ወደ ማይኩ ያፈተልካል፣ በአሥር ትራክ ሲባዛ ደግሞ ማጥፊያ የለውም። ከማይኩ ለቤዝ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለሌሎቹ 30 ራቁ።

ሲቀላቀል ቤዙ መሀል ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ሄድፎኑን አውልቃችሁ በስልኩ ስፒከር ስሙት፤ ቤዙ ከጠፋ የላይኛውን ቀንሱ እንጂ ቤዙን አትጨምሩ።