ከፋብሪካ የሚገኝን የአካባቢ ጥቅም ገንዘብ በቀበሌ ደረጃ ለማከፋፈል

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው ያሉ ሠፈሮች ኑሮ ተለውጧል፤ ሥራ መጥቷል፣ የቤት ኪራይም ንሯል። ፋብሪካዎች ለጎረቤቶቻቸው ገንዘብ ለመስጠት ሲስማሙ ተቀብሎ የማከፋፈሉ ሥራ የሚያርፈው በቀበሌው ላይ ስለሆነ፣ ይህን የጻፍሁት ለቀበሌ ሠራተኞችና ለነዋሪ ኮሚቴ አባላት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የገንዘቡ ዓይነት ይለይ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ሰው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚከፈለው ካሳ መብቱ ነውና ከዚህ ገንዘብ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። በመፈረሚያው ቅጽ ላይም ተቀባዩ ስለ ፍሳሽ ወይም ስለ ሽታ አቤቱታ እንዳያቀርብ የሚያግድ ቃል ፈጽሞ አይግባ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራውም ሐይቁን ለመጠበቅ ስለሆነ፣ የአካባቢው ሰው ያየውን የመናገር መብቱ በምንም ገንዘብ ሊለወጥ አይችልም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የክፍያው ልክም በሚቆጠር ነገር ይወሰን። በስኮትላንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በየሜጋ ዋቱ በዓመት 5,000 ፓውንድ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲከፍሉ ይመከራል፤ ለልብስ ፋብሪካ ደግሞ በፓርኩ ውስጥ የያዘው የማምረቻ አዳራሽ (ሼድ) ስፋት መለኪያ ሊሆን ይችላል። «እንደ አቅማችን እንረዳለን» የሚል ደብዳቤ ዓመቱ ሲያልቅ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። ገንዘቡ ከቀበሌው መደበኛ በጀት በተለየ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ እንደ እድር ሁሉ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስቱም ካልፈረሙ አይውጣ።

ዋናው ፈተና «ነዋሪ ማን ነው?» የሚለው ነው፤ ይህም ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ለእገሌ ተብሎ የወጣ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው። የቤት ባለቤት ብቻ ይቆጠር ከተባለ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች በሙሉ ይቀራሉ። እነዚህ ልጆች ከትውልድ ቀበሌያቸው መሸኛ ሳያመጡ ስለመጡ መታወቂያ የላቸውም፤ በአባወራ መዝገብም አይገቡም። የምመክረው ቆጠራው በነፍስ ወከፍ እንዲሆን፣ መሸኛ ለሌለው ሰውም የአከራዩና የሁለት ጎረቤቶች ምስክርነት ከተወሰነ የመኖሪያ ጊዜ ጋር እንዲበቃ ነው።

የስም ዝርዝሩ በሲዳምኛና በአማርኛ ተጽፎ፣ ዝናብ እንዳያጠፋው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ 15 ቀን በቀበሌው በር ላይ ይቆይ። በአንድ ወቅት በሠፈራችን የድጋፍ ዝርዝር ዓርብ ከሰዓት ተለጥፎ ሰኞ ጠዋት ተነሣ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የተለጠፈው ስማቸው ከመታወቂያቸው በአንድ ፊደል ስለተለየ ተመለሱ፤ ቅሬታ የሚቀበል ሰው ሲፈልጉም ክፍሉ ተቆልፎ አገኙት። ስለዚህ ቅሬታ ሰሚዎቹ ዝርዝሩን ካዘጋጁት ሰዎች የተለዩ ይሁኑ፤ የፓርኩ ሠራተኛ በሥራ ቀን መምጣት ስለማይችል እሑድም ይቀመጡ፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም ዝርዝሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

በጥሬው ይታደል ወይስ ለጋራ ሥራ ይዋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ ይህን ጉባኤው ይወስን፤ ሒሳቡ ግን በፊቱ ይቅረብለት። ለምሳሌ 1,000,000 ብር ለ4,000 ሰው ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 250 ብር ይደርሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ቤት እንዳይገባ ቦይ መሥራት ወይም አንድ ቦኖ ማስገባት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከገንዘቡም ጥቂቱ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ ያመርቱ የነበሩ የፓርኩ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደተጎዱ አይተናል።

በጥሬው የሚከፈል ከሆነ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ በራሱ በተቀባዩ ስም ይላክ፤ የሚስት ድርሻ ለባል ተጠቃሎ አይሰጥ። ወጪው በየሦስት ወሩ ከነደረሰኙ በጉባኤ ይነበብ። ያልተወሰደ ድርሻ ሲኖር ኮሚቴው ወዲያው ወደ ሌላ ሥራ አያዙረው፤ የባለድርሻዎቹ ስም በሁለት ተከታታይ ጉባኤዎች ይነበብ፣ በመካከሉም አንድ ሰው እስከ በራቸው ሄዶ ታመው፣ በፈረቃ ሥራ ላይ ሆነው ወይም ሳይሰሙ ቀርተው እንደሆነ ይጠይቅ።